በአንድ ልብ ለመጸለይ፦ የበዓለ ጰራቅሊጦስ መልእክት ከደሴ

በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንኳን ለበዓለ ጰራቅሊጦስ በሰላም አደረሳችሁ። ከትንሣኤ ጀምሮ ኃምሳውን ቀን ያለ ጾምና ያለ ስግደት፣ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» እየተባባልን በደስታ ቆይተን፣ ነገ ሰኞ ጾመ ሐዋርያትን እንጀምራለን። በዓሉና ጾሙ እንዲህ ተከታትለው መምጣታቸው ዘወትር ልቤን ይነካዋል፤ ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ እንኳ ለስብከት ከመውጣታቸው በፊት የቆሙት በጾምና በጸሎት ነውና።

በየአጥቢያችን ስለ መንፈሳዊ መታደስ ብዙ እንጸልያለን። ወጣቱ ከሱስ እንዲመለስ፣ ሰበካ ጉባኤው እንዲስማማ፣ አገልጋዩ እንዲተጋ እንለምናለን፤ ልመናውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም በሐዋርያት ሥራ 1ኛ ምዕራፍ ላይ ተጽፏል። በዕርገትና በጰራቅሊጦስ መካከል ባሉት ዐሥር ቀናት፣ በኢየሩሳሌም በአንድ ሰገነት የተሰበሰቡት እነማን እንደ ነበሩ እናስተውል። ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ አለ፤ በጌቴሴማኒ ጌታቸውን ትተው የሸሹት አሉ፤ እስከ መስቀሉ ድረስ የተከተሉት ሴቶች አሉ፤ እመቤታችን አለች፤ ቀድሞ ያላመኑበት የጌታ ወንድሞችም አሉ። የሸሸና ያልሸሸ አንድ ላይ ተቀምጦ በአንድ ልብ ለጸሎት ይተጋ ነበር። የእሳቱ ልሳን የወረደው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ስጽፍ በልቤ ያለው የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ነው። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለውን ወገን በየትምህርት ቤቱ አስጠልላ ስታበላና ስታጠጣ የነበረችው ደሴ፣ ጦርነቱ ደጇ ሲደርስ የገዛ ልጆቿ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱባት፤ አዛውንት ወላጅ የያዘ፣ መሄጃ ያጣ፣ ቤተ መቅደሱን ትቼ አልሄድም ያለ ደግሞ ቀረ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ስደተኛው መመለስ ጀመረ፤ የተሰበረው በር ተጠገነ፣ ሱቁም ተከፈተ። የሄደው በቀረው፣ የቀረውም በሄደው ላይ የያዘው ቅሬታ ግን በብዙ ቤት እስካሁን አልወጣም። «ጥለውን ሄዱ» የሚሉ አሉ፤ «ከስደት ስንመለስ ደጃችንን የረገጠ የለም» የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዘን በግራና በቀኝ እጅ እንነሣለን፤ ካስቀደስን በኋላ ግን በግቢው በር ላይ ሳንተያይ የምንተላለፍ ጥቂቶች አይደለንም። እንግዲህ መንፈስ ቅዱስ እንዲያድሰን ስንለምን ይህን ቂም በጓዳ ሸሽገን ሊሆን አይገባም።

መታደስ በአገራችን ያልታየ ነገር አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ፣ መጻሕፍትንም ያስጽፉ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት የወንጌል ብራና እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ከዚያ ጉባኤ የወጡት መነኮሳት ገዳማትን እየመሠረቱ ወንጌልን ሩቅ አድርሰዋል። ያ ሁሉ የተጀመረው በጸሎት፣ በማስተማርና አብሮ በመኖር ስለሆነ፣ ዛሬ በየአጥቢያው ያሉትን የአብነት ተማሪዎች ማሰብና መርዳት የዚሁ ልመና አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ምእመናን በሕዝብ ሁሉ ፊት ሞገስ እንደ ነበራቸው በዚያው በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 2 ተጽፏል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር በሚቀባበርባት በወሎ ይህ ቃል ትልቅ ትርጉም አለው። የእኛን መታደስ ጎረቤቶቻችን በገበያ ሚዛናችን፣ በአንደበታችንና ለቅሶ በምንደርስበት ፍጥነት ሊያዩት ይገባል፤ በድምፅ ማጉያችን ብቻ ቢሰሙት በቂ አይመስለኝም።

ስለዚህ በዚህ ጾም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከመካከላችሁ ከዚያ ከጦርነቱ ዘመን ጀምሮ የተቀያየመ ካለ፣ ከጾሙ ፍቺ ከሐምሌ 5 በፊት ይገናኝ፤ ለብቻ መሄድ ከከበደው የንስሐ አባቱን ወይም ሽማግሌ ይዞ ይሂድ። ሩቅ ያላችሁ ደውሉ። ከእናንተ የሚቀድም ካለ ደግሞ በራችሁን ክፈቱለት። ማታ ማታ ለሠርክ ጸሎት ስትቆሙ ወይም በቤታችሁ ስትጸልዩ፣ ያስቀየማችሁትንና ያስቀየማችሁን ሰው በክርስትና ስሙ እየጠራችሁ ጸልዩ፤ እኔንም አስቡኝ።

መልካም በዓል፣ መልካም ጾም ይሁንልን።