«እስከ መቼ?» እያልኩ መጠበቅን እየተለማመድኩ ነው

በነቢያት ጾም ዳዊት መድገም ጀምሬ ነበር። ጾሙ ካለቀ ቆየ፤ እኔ ግን አላቆምኩም። እንደኔ ከእግዚአብሔር አንድ ነገር እየጠበቃችሁ ላላችሁ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የምጠብቀው ልጅ ነው። ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሞች ሁለታችንንም አይተው ችግር አላገኙም፤ ክትትሉንም አልተውንም። የቀረው መጠበቅ ነው። ይሄ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነት ችኩል ሰው ቀላል አይደለም።

ለማታውቁት፣ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። አሥር አሥሩ መዝሙር «ንጉሥ» ይባላል። መጀመሪያ የቀኑን ድርሻ በሙሉ ልወጣ ስል እሽቅድምድም ሆነብኝ። አፌ 30ኛው ላይ ሲደርስ ልቤ ገና ሌላ ቦታ ነው። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው «አንድ ንጉሥ ይበቃሻል፤ ቀስ ብለሽ ድገሚ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የገባኝ።

የምደግመው መነኸሪያ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሚኒባሱ እስኪሞላ እቀመጣለሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ስትገቡ ሦስት ወንበር ባዶ ነው። ድሮ በዚህ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ትንሿን ዳዊት ከቦርሳዬ አወጣና ብርድ ያደነዘዘውን ጣቴን እፍ እያልኩ ገጽ እገልጣለሁ። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር እዘጋታለሁ። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ እያነበበ የማያቅለሸልሸው ሰው ካለ ዘዴውን ይንገረኝ።

ሰኞ ሁለተኛው ንጉሥ ውስጥ 12ኛው መዝሙር አለ (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛ ነው)። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ደግሞ ደጋግሞ ነው «እስከ መቼ» የሚለው። ታጋሽ ሰው ማለት ጥርሱን ነክሶ ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር። ዳዊት ግን ዝም አላለም። ምሬቱን ሁሉ ዘርግፎ ሲያበቃ፣ ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ይላል። መልስ አግኝቶ ነው እንዳንል፣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እኔም አሁን እዚያው ወንበር ላይ፣ በሹክሹክታ፣ እስከ መቼ እላለሁ።

ሌላው ያገዘኝ ኦሪት ዘፍጥረት ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ አስተውዬው የማላውቀው ምዕራፍ 16 እና 17 መካከል ያለውን ነው። 16 ሲያልቅ አብርሃም 86 ዓመቱ ነው። 17 ሲጀምር 99። አሥራ ሦስት ዓመት፣ አንድም ቃል ሳይጻፍበት! ሣራ በእነዚያ ዓመታት ጠዋት ስትነሳ ምን ታስብ እንደነበር ብዙ ጊዜ አሰላስላለሁ። ከብት ታልቦ፣ ዳቦ ተጋግሮ፣ ድንኳን ተነቅሎ ተተክሎ ይሆናል። ቆይቶ ተስፋው ሲነገር ደግሞ በልቧ ሳቀች። ብትስቅም ልጁ አልቀረባትም። ይሄ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመጠበቁ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። ዘመድ በተሰበሰበበት «ምነው ዝም አላችሁሳ?» የሚል አይጠፋም። «እግዚአብሔር ሊያስተምርሽ ፈልጎ ነው» የሚሉኝንም አልወዳቸውም፤ ማን ነገራቸው? ከሁሉም የተሻለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ናት። አንድ ቀን አቦሉን ቀድታ ስታቀብለኝ «ሶብር አድርጊ ልጄ፣ አላህ ያውቃል» አለችኝ። ከዚያ ቶናውም በረካውም ተጠጣ፤ ነገሩን መልሳ አላነሳችውም። ስለ በርበሬ ዋጋ ስናወራ አመሸን።

አሁን ያለሁት እሑድ ላይ ነው። የእሑድ ድርሻ ውስጥ ጸሎተ ነቢያት አለ፤ እዚያ ደግሞ የሐና ጸሎት ይገኛል። ሐና ያንን የጸለየችው ሳሙኤልን ካገኘች በኋላ ነው፤ «መካኒቱ ሰባት ወልዳለችና» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይቆረጣል። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አብረን እንቀመጣለን፤ የሐናን እሱ ያነብልኛል። የዕንባቆም ሲደርስ፣ በለስ ባታፈራም በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል የሚለው ጋ፣ እኔ እቀበለዋለሁ።