ከአንድ ትሪ

እሑድ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። እንግዶቹ ሄደዋል፤ ሳሎኑ ግን ገና የተጠበሰ ቃሪያና የቀለጠ አይብ ይሸታል። ዕቃውን አጥቤ ጨርሻለሁ፣ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ታላቅ ወንድሜ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለበት ካወቅን ዓመት አልፎናል። ሐኪሙ መድኃኒቱን እያስተካከለለት ካርቦሃይድሬት የሚበዛበትን ምግብ እንዲቀንስ ነገረው። ወንድሜ አንዴ ቃል ከገባ ገባ ነው፤ ዳቦውንም፣ ድንቹንም፣ ለስላሳ መጠጡንም በሳምንት ውስጥ ተወ። ለእኔ የከበደኝ የኳስ ቀን ነው። ትልቅ ግጥሚያ ባለ ቁጥር ዘመዱም ጓደኛውም እኔ ዘንድ ይሰበሰባል፤ መሀል ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ደግሞ ፒዛ፣ የድንች ጥብስ፣ ቺፕስ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የተጠበሰ ዶሮ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እሱ ሳያስብ እጁን የሚዘረጋበት አንድም ነገር አልነበረም።

ባለፈው ግጥሚያ ለብቻው ሳህን አዘጋጀሁለት፤ ኪያር፣ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጥቂት አይብ። አሳምሬ ደርድሬ ፊቱ አቀረብኩለት። «ተባረኪ እታለም» ብሎ ተቀበለኝ፤ ምንም ሳያስተርፍ በላ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን አየሁት። የሌሎቹ እጆች መሀል ትሪው ላይ ይጋጫሉ፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ ይሻማሉ፤ እሱ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለብቻው ያኝካል። ግብ ሲቆጠር ሁሉም እየጮኸ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ወንድሜ መጀመሪያ ሳህኑን በጥንቃቄ መሬት ላይ አኖረ፣ ከዚያ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ጩኸቱ በርዶ ነበር። ይህ ነገር ለሳምንታት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ስለዚህ ለዛሬው ግጥሚያ ለወንድሜ የተለየ ምግብ ላለመሥራት ቆረጥኩ። ሁሉም የሚሻማበት፣ እሱም ከሁሉም ጋር የሚሻማበት አንድ ምግብ ፈለግሁ። በእጅ የሚነሣ፣ የሚያቃጥል፣ ቅባትና ጨው ያለው መሆን አለበት፤ ኳስ እየታየ የሚበላ ነገር እነዚህን ካላሟላ ዞሮ የሚያየው የለም። በአይብና በተፈጨ ሥጋ የተሞላ ስንግ ቃሪያ ላይ ያረፍኩት ለዚህ ነው።

የመረጥኩት ሃላፔኞ የሚባለውን አጠር ደልደል ያለ ቃሪያ ነው። ስሙን ያገኘው በሜክሲኮ፣ በቬራክሩዝ ግዛት ከምትገኘው ከሃላፓ ከተማ ነው። ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ለመሙላት ይመቻል፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነም እሳት ሲነካው ቶሎ አይሟሽሽም። ካርቦሃይድሬቱም ትንሽ ነው፦ በ100 ግራም ውስጥ 6.5 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚያም ወደ 3 ግራም የሚጠጋው ፋይበር፣ ማለትም ሆድ ፈጭቶ ወደ ስኳር የማይለውጠው አሠር ነው። አንዱ ቃሪያ በነጠላው ቢሰላ 1 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ከ12 ግራም በላይ እንደሚይዝ ሳስብ፣ ወንድሜ አሥሩን ቢበላም አንድ ቁራጭ ዳቦ አያህልም ብዬ ደስ አለኝ።

የሙከራው ቀን ረቡዕ ነበር፤ ጥፋቴም የጀመረው ከጓንት ነው። አሥራ ሁለት ቃሪያ በባዶ እጄ ሰንጥቄ ፈለፈልኩ። በሥራው ላይ እያሉ ምንም አይሰማም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ከጥፍሬ ሥር ጀምሮ እሳት ያዘኝ። ውኃ ባፈስበት ባፈስበት አልበርድ አለ። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በዘይትና በአልኮል እንጂ በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ይህንን እያወቅሁ በድንጋጤ ከቧንቧው ሥር ቆሜ ነበር። ልቤ ሲመለስ እጄን በምግብ ዘይት ደጋግሜ አሸሁት፣ ቀጥዬ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ያኔ ነው የተነፈስኩት። ዓይኔን ሳልነካ መቅረቴን እንደ ትልቅ ዕድል እቆጥረዋለሁ።

የሚገርመኝ፣ ያ ሁሉ ቃጠሎ እጄን ትንሽ እንኳ አለማሞቁ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲመጣ የሚነቃ ተቀባይ አለ፤ ካፕሳይሲን ያንኑ ተቀባይ ይቀሰቅሰዋል፣ አእምሮም እሳት የነካን ያህል ይቆጥረዋል። ተቀባዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር ለይቶ ያሳወቀው ዴቪድ ጁልየስ በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ወፎች ግን ካፕሳይሲን አያቃጥላቸውም፤ ቃሪያውን እየበሉ ፍሬውን በየሄዱበት ይዘሩታል። ቃሪያ አጥቢ እንስሳትን እያባረረ ወፎችን ብቻ ማስተናገዱ በጣም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ፍሬውን አውጥቼ በቃሪያው ሆድ ውስጥ ያለውን ነጭ ሥጋ መተዌ ነው። የሚያቃጥለው ፍሬው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ። ካፕሳይሲን የሚመረተው ፍሬዎቹ ከተጣበቁበት ከነጩ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ፍሬው ከእሱ ጋር እየተነካካ ነው የሚያቃጥል የሚመስለው። በዚያ ላይ ቃሪያ በዓይን አይታወቅም። ዊልበር ስኮቪል የተባለው ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው ዘዴ፣ ከደረቀ ቃሪያ በአልኮል የወጣው ንጥር ማቃጠሉ እስኪጠፋ ድረስ በስኳር ውኃ እየቀጠነ ለቀማሾች ይሰጥ ነበር። በዚያ ስፍር ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ይለካል፤ አንዱ ከሌላው ሦስት እጥፍ ሊያቃጥል ይችላል ማለት ነው። ቆዳው ላይ ነጫጭ ጭረት ያለበት ይበልጥ ያቃጥላል ይባላል፤ እኔ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ አላገኘሁትም። ረቡዕ ዕለት ከአንድ ከረጢት ካወጣኋቸው መካከል አንዱ እንደ ኪያር ለስላሳ ነበር፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ እንባዬን አፈሰሰው።

የረቡዕ ትሪ ከኦቨን ሲወጣ አይቼ አዘንኩ። አይቡ ፈስሶ ትሪው ላይ አርሯል፣ ቃሪያዎቹ ውኃ ውስጥ ተኝተዋል። እስከ አፋቸው ሞልቻቸው ነበር፤ ሥጋውም ውኃው ሳይመጥጥ ነው ከአይቡ ጋር የቀላቀልኩት። በዚያ ላይ የለሰለሰውን አይብ ሳላቀዘቅዝ ወደ እሳት አስገባሁት። አንዷን ቀመስኩ፤ ጣዕሙ ግን ልክ ነበር። ተስፋ ያልቆረጥኩት በዚያች አንዲት ጉርሻ ምክንያት ነው።

ዓርብ ማታ ወንድሜ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ብሎ ወደ ማድ ቤት ተከተለኝ። ለግጥሚያው የገዛሁትን የተፈቀፈቀ አይብ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። ይህ ዓመት ያስለመደው ነገር ነው፤ ማንኛውንም ማሸጊያ ገልብጦ ጀርባውን ያነባል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ከረጢቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ በአውራ ጣቱ ደቃቁን ጽሑፍ መስመር በመስመር ተከተለ።

«እታለም፣ ይኸ የድንች ስታርች አለበት።»

አይቡ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሚነሰነስበት ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ እሱም «አይጎዳኝም፣ ተይው» አለ። እኔ ግን ልተወው አልፈለግሁም። «ወንድምዓለም፣ ሳታነብ የምትበላው ነገር ነው የምሠራው» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ከረጢቱን መልሶ አስቀምጦ መነጽሩን ዝቅ አደረገ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። በማግሥቱ ድፍን ቼዳር ገዝቼ ራሴ ፈቀፈቅሁት። ሳልጠብቀው ሌላ ጥቅም አገኘሁበት፦ ስታርች ያልነካው አይብ ሲቀልጥ ይበልጥ ይለሰልሳል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጓንቴን አጥልቄ ጀመርኩ። አሥራ ሁለቱን ቃሪያ ከነዘንጋቸው ለሁለት ሰነጠቅሁ፤ ዘንጉ ካልተነሣ አይቡ ከዚያ በኩል አይፈስም፣ ለመያዣም ይመቻል። በትንሽ የሻይ ማንኪያ ከጫፍ ወደ ዘንጉ እየጎተትኩ ፈለፈልኩ። ነጩ ሥጋ ሲላቀቅ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ከግድግዳው ላይ ወለል ብሎ ሲነሣ አረንጓዴው ውስጡ እንደ ተወለወለ ዕቃ ያበራል። ግማሾቹን ሙልጭ አደረግኋቸው፤ በግማሾቹ ላይ ሆን ብዬ ነጩን በከፊል ተውኩላቸው። ባዶዎቹን በ200 ዲግሪ ለስምንት ደቂቃ ጋገርኳቸውና ያወጡትን ውኃ ደፋሁ። 250 ግራም የተፈጨ ሥጋ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ውኃው መጥጦ ቡናማ እስኪሆን ጠበስኩ፤ ቅባቱን አጥልዬ አቀዘቀዝኩት። ከዚያ ከ250 ግራም ክሬም ቺዝና ከቼዳሩ ጋር ለወስኩት። ከላይ የዳቦ ፍርፋሪ በመነስነስ ፈንታ የተፈጨ አልሞንድ ነሰነስኩ። የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ከ100 ግራሙ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው፤ አልሞንዱ ግን 20 ግራም ገደማ ሆኖ ግማሹ ያህል ፋይበር ነው፣ ሲጠበስም እንደ ፍርፋሪው ኩርሽምሽም ይላል። ሁሉን ደምሬ ሳካፍል አንዷ ግማሽ ቃሪያ 2 ግራም አትሞላም። ነጭ ሥጋ የተውኩባቸውን ለመለየት ቀይ ፓፕሪካ (ለስላሳ የበርበሬ ዱቄት) ጣል አደረግሁባቸው፤ ከዚያ ሁሉም ማቀዝቀዣ ውስጥ ገቡ።

የሰዓቱን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ቀድሞ ቢወጣ ይቀዘቅዛል፣ ቢዘገይ የዕረፍቱ 15 ደቂቃ ያልፋል። ጨዋታው 25ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ትሪውን ኦቨን ውስጥ አስገባሁ፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ የመጀመሪያው አጋማሽ ያልቃል ብዬ። ዳኛው አራት ደቂቃ የባከነ ሰዓት ጨመረ። ኦቨኑ ፊት በርከክ ብዬ በመስታወቱ እያየሁ ሳለ ከሳሎን የኀዘን ድምፅ ሰማሁ፤ ግብ ተቆጥሮብናል። አይቡ በጠርዙ እየፈላ፣ አልሞንዱ ወርቅማ እየሆነ ነበር። ያች አራት ደቂቃ ለቃሪያው በጀችው፤ ሃያ ብቻ ቢቆይ ኖሮ ላዩ እንደዚያ አይቀላም ነበር።

ትሪውን መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ቀዩ ያቃጥላል፣ ሌላው አያቃጥልም» ብዬ ከዚያ በላይ ምንም አልተናገርኩም። ለማን እንደተሠራ፣ ምን እንደሌለበት፣ ምንም። ወንድሜ ትሪውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እጁን ሰደደና ቀዩን አነሣ፤ ትኩስ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ እያዘዋወረ እፍ እያለ ጎረሰው። ከአጠገቡ የነበረው ጓደኛችን ሁለተኛዋን ሊያነሣ ሲል ቀደመው። ሁለቱም ሳቁ።

የወንድሜ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ ቀዩን ካልቀመስኩ አለች። አባቷ ከለከላት፤ ዘወር ሲል ቀመሰችው። ፊቷ ሲቀላ ሮጣ ወደ እኔ መጣች፣ «አክስቴ ውኃ!» እያለች። ውኃ አፏ ውስጥ ከማዳረስ በቀር አይረባትም፤ ወተት ሰጠኋት። በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያወርድላታል። ግማሽ ብርጭቆ ጠጥታ እንባዋን ጠረገችና ተመልሳ ሄደች፤ ሁለተኛ ቀይ ስታነሣ አየኋት።

ፒዛም አዝዤ ነበር፤ ግማሹ ተረፈ። ሃያ አራቱ ቃሪያ ግን ሁለተኛው አጋማሽ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው አለቀ። ወንድሜ ስድስት ወይም ሰባት በልቷል፤ እሱ አልቆጠረም፣ እኔም ከስድስት በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ጨዋታው አልቆ ሊሄድ ሲል ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለካ፤ 131 ይላል። ቁጥሩን ዓይቶ መለኪያውን ኪሱ ከተተው፤ «መቼ ነው የሚቀጥለው ግጥሚያ?» ብቻ አለኝ።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው 58ኛውን ደቂቃ ነው። የማዕዘን ምት ነበር፤ ኳሷ በግንባር ተገጭታ መረብ ውስጥ ገባች፣ አቻ ሆንን። ወንድሜ የመጨረሻዋን ግማሽ ቃሪያ በእጁ እንደያዘ ከሁሉም ቀድሞ ተፈናጥሮ ተነሣ፤ አፉ ሙሉ ሆኖ እየጮኸ እጁን ወደ ላይ ሰደደ። አይቡ ከነሥጋው ምንጣፌ ላይ ዱብ አለ፤ እሱ አላየም። አሁን ይህንን ስጽፍ እግሬ ሥር ነው ያለው፤ ክብ፣ ቅባታም ነጠብጣብ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀይ ፓፕሪካ አለበት። ሳሙናና ሙቅ ውኃ ይዤ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልነካው ተነሣሁ።