የእማማን መርዶ በቴሌግራም ጻፍኩት

መርዶ በጽሑፍ አይነገርም። እኔ ግን ጻፍኩት።

እማማ ነበር የምንላቸው። የቴሌግራም ግሩፓችን ሰው አገር እንጀራ መጋገር ላቃተን የተከፈተ ነው፤ እኔ ሜሪላንድ ሆኜ አድሚን ነኝ። እሳቸው አዲስ አበባ ነበሩ። የስቶክሆልሟ ሊጥ በብርዱ አልነሳ ሲላት፣ የዱባይዋ በአንድ ቀን ሲሆመጥጥባት፣ መልሱ በእማማ ድምፅ ይመጣል። መጻፍ አይወዱም። «አብሲቱን በትኩሱ እንዳትመልሺው የኔ ልጅ፣ ለብ ይበል።» ከኋላቸው አክንባሎ ሲከደን ይሰማል። መጨረሻ ላይ ሁሌም «በልተሻል ግን?» ይሉናል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በእሳቸው ስልክ ተደወለልኝ። ልጃቸው ናት። ማረፋቸውን ነገረችኝ። እያለቀስኩ ፎቷቸውን ለጠፍኩና «እማማ አረፉ፣ ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ።

አገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ዘመድ ጎረቤት ይመካከራል፣ በማለዳ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ አለ። የእኔን መርዶ ግን ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ አሠሪዎቿ እራት ላይ ሆነው፣ ማድቤት ውስጥ ብቻዋን አነበበችው። መጮህ አልቻለችም። ቧንቧውን ከፍታ እንዳለቀሰች በኋላ ነገረችኝ። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ጽሑፉን አጠፋሁት። ያላዩት ብዙ ነበሩ። ከእማማ ጋር በግል የሚደዋወሉትን በወረቀት ጻፍኩና፣ ለእነሱ ከመደወሌ በፊት አጠገባቸው ማን እንዳለ አጠያየቅኩ። ለስቶክሆልሟ እህቷ በጠዋት ሄዳ በር አንኳኩታ ነገረቻት። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀብኝ። መጀመሪያውኑ እንዲህ ነበር ማድረግ የነበረብኝ።

አዲስ አበባ ያሉት ሦስት አባሎቻችን ለቅሶ ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ ማንም አያውቃቸውም። የማን ወገን ናችሁ ሲባሉ አንዷ «የስልኩ ልጆች ነን» አለች። የእማማ ልጅ ተነስታ አቀፈቻቸው።

እኛ በሠልስቱ በድምፅ ተገናኘን፤ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ዱባይ 4 ሰዓት፣ እኔ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት። ተናጋሪ መድቤ፣ ደቂቃ ከፋፍዬ ነበር። ማንም አፉን መክፈት አልቻለም። ለካ ለቅሶ ቤት ፕሮግራም የለውም፤ ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ ይቀመጣል። ወረቀቱን ትቼ መስመሩን ሦስት ሰዓት ክፍት አደረግኩት። ዝም ብለው የተቀመጡት ይበዙ ነበር። አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ ይሰማን ነበር፤ ማንም ማይክሽን ዝጊ አላላትም።

አንድ ነገር ግን በጊዜ አደረግኩ። ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ይሰርዛል። ስለዚህ የድምፅ መልእክቶቻቸውን አንድ በአንድ አውርጄ ለልጃቸው ላክሁላት። የእናቷ ድምፅ በስልኳ አልነበራትም። ስለ እርሾ የሚያወሩበትን ደጋግማ እንደምትሰማው ነገረችኝ።

ከአርባው በኋላ አንዲት አዲስ አባል ገባች። እንጀራዋ ዓይን አላወጣ ብሏታል። የእማማን የአብሲት ድምፅ ፈልጌ ላክሁላት። በማግስቱ ዓይናማ እንጀራ ፎቶ አንስታ «እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ» ብላ ለጠፈች። ግሩፑ ጸጥ አለ።

ደወልኩላትና መጀመሪያ አጠገቧ ሰው እንዳለ ጠየቅኳት።