እያነባ የሚደርቅ ዓይን

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው፣ ከስፌት መኪኖች ድምፅ ስሙን ባገኘው ጎዳና፣ የልብስ ስፌትን ከአባቴ እየተማርሁ አደግሁ። ወደ ድሬዳዋ ወርጄ መጋላ ውስጥ ሱቅ ከከፈትሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። ዓይኔ መቆርቆር የጀመረው በአራተኛው ዓመት፣ በግንቦት ሙቀት ነበር። ከሰዓት በኋላ መርፌው ላይ ሳተኩር አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፤ ስፌቱ ይደበዝዝብኛል፤ ዓይኔን ጥቂት ጊዜ ሳርገበግብ ደግሞ መልሶ ይጠራል። ማታ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ወደ ቤት ስመለስ ነፋሱ ሲመታኝ እንባዬ በጉንጬ ላይ ይወርዳል። ለሦስት ዓመት ያሳሳተኝ ይህ እንባ ነው፤ እንዲህ የሚያነባ ዓይን ደረቅ ሊሆን ይችላል ብዬ ፈጽሞ አልጠረጠርሁም።

በእነዚያ ዓመታት ያደረግሁትን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ዕድሜዬ 40 አልፎ ስለነበር በመጀመሪያ የማንበቢያ መነጽር ገዛሁ። እናቴ በቀዘቀዘ የሻይ ቅጠል ውሃ እንድታጠብ መከረችኝና ያንንም ሞከርሁ። ቀጥሎ ጎረቤቴ ይጠቀምበት የነበረውን ጠብታ ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዛሁ። ቅላቱ በሁለት ቀን ስለጠፋ መድኃኒቴን ያገኘሁ መሰለኝ፤ ነገር ግን ባቆምሁ ቁጥር ሕመሙ ስለሚመለስ ለወራት ስጀምርና ሳቋርጥ ቆየሁ። ጠብታው ከአንቲባዮቲክ ጋር ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት መሆኑን ያወቅሁት ብልቃጡን ለዓይን ሐኪም ባሳየሁ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ያለ ክትትል ሲዘወተር የዓይንን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ ሊያስከትል፣ የዓይን ሞራም ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድመው የዓይኔን ግፊት ለኩ። ተመስገን፣ ጉዳት አልደረሰም። ዓይኑ ስለቀላ ብቻ ወደ መድኃኒት ቤት ለሚሄድ ወገኔ አንድ ነገር እንድናገር ቢፈቀድልኝ፣ ስለዚህ ብልቃጥ እናገር ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ በታችኛው የዓይን ቆቤ ጠርዝ ላይ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አድርገው 5 ደቂቃ አቆዩት። እንባዬ ወረቀቱን 14 ሚሊ ሜትር ያህል አራሰው፤ ከ10 በላይ ስለሆነ የውሃው መጠን በቂ ነው አሉኝ። ቀጥለውም ቢጫ ቀለም ዓይኔ ውስጥ ጨምረው፣ ሳላርገበግብ እንድቆይ ነግረው በሰማያዊ ብርሃን ተመለከቱኝ። በጤናማ ዓይን ላይ የእንባው ሽፋን ቢያንስ 10 ሰከንድ ያህል ሳይበጣጠስ ይቆያል፤ የእኔ በ4 ሰከንድ ተበጣጠሰ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ከዓይኑ ገጽ ጋር የሚያጣብቀው ልጋግ መሰል ፈሳሽ፣ ከላዩ ደግሞ ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚሸፍነው ስስ ዘይት አለው። ዘይቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ኋላ የተደረደሩ ሜይቦሚያን የሚባሉ ዕጢዎች ናቸው። የእኔ ዕጢዎች ዘይት እንደ ረጋ ቅቤ ስለጠነከረ ቀዳዳቸው ተደፍኖ ነበር። ዘይቱ ሲጎድል ውሃው ይተናል፤ የተራቆተው የዓይን ገጽ ይቆጣል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ እንባ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ያ እንባ ግን ዘይት ስለሚጎድለው ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይረጋም። ሐኪሟ ስለ ስኳር፣ ስለ ታይሮይድና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ጠየቁኝ፤ ሦስቱም ከዓይን ድርቀት ጋር ሊያያዙ ይችላሉና። ለአፍንጫ አለርጂ እወስደው የነበረውን ክሎርፌኒራሚንም እንባን ስለሚቀንስ አስቆሙኝ።

ዋናው ሕክምና ሙቀት ሆነ። የረጋ ዘይት የሚቀልጠው ሲሞቅ ስለሆነ፣ ጠዋትና ማታ የጨፈንሁትን ዓይን ለ10 ደቂቃ እንዳሞቅ ታዘዝሁ። ቀላል ቢመስልም ያስቸገረኝ ይኸው ነው፤ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከጥጥ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍቼ ሩዝ ሞላሁበትና ምጣድ ላይ አሞቅሁት። ከረጢቱ አንድ ቦታ ለብ ብሎ ሌላው ቦታ ይፋጅ ስለነበር በሦስተኛው ቀን የዓይን ቆቤን ቆዳ አቃጠለኝ። ከዚያ ወዲህ ፔርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃና ሁለት ፎጣዎች አዘጋጅቼ አንዱ ሲቀዘቅዝ በሌላው እተካለሁ፤ ዓይኔ ላይ ከማድረጌ በፊትም የእጄ አንጓ ላይ እሞክረዋለሁ። ሳሞቅ ከቆየሁ በኋላ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በጣቴ ቀስ ብዬ አሻለሁ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅም ጠርዙን እጠርጋለሁ። ለውጡን ያየሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ልተወው ተቃርቤ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ማርገብገብ ነው። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ያርገበግባል፤ ስክሪን ወይም መርፌ ላይ ሲያተኩር ግን ይህ በእጅጉ ይቀንሳል። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ዩኒፎርም ስሰፋ እንድትቆጥር ጠየቅኋት፤ በደቂቃ 5 ጊዜ ብቻ አለችኝ። ዘይቱ ዓይን ላይ የሚዳረሰው ቆቦቹ ሙሉ በሙሉ ሲገጥሙ ስለሆነ፣ ክር በቆረጥሁ ቁጥር ዓይኔን ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርጌ መጨፈን ልማድ አደረግሁ። ሰዓት እየተመለከትሁ ለማስታወስ ያደረግሁት ሙከራ ሁሉ አልሠራልኝም፤ ክሩ ግን ራሱ ያስታውሰኛል።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሐረር ስወጣ ዓይኔ እፎይ ይላል፤ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ወዳለችው ድሬዳዋ ስወርድ ሙቀቱና አቧራው ይጠብቁኛል። ከተማ መቀየር ስለማልችል ቬንቲሌተሩን ቀየርሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ፊቴ ላይ ይነፍስ የነበረው አሁን ወደ እግሬ ዞሯል። በባጃጅ ስሄድም ጎኑ የተሸፈነ መነጽር አደርጋለሁ። ሰው ሠራሽ እንባም እጠቀማለሁ፤ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገኝ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን እንድመርጥ ሐኪሟ ነግረውኛል፤ ኬሚካሉ ሲበዛ ራሱ ዓይንን ያስቆጣልና።

ባለፈው ሚያዝያ ሐረር ለለቅሶ ሄጄ ሁለት ሳምንት ተቀመጥሁ፤ በዚያ ሐዘን መካከል ፎጣውንም ፔርሙሱንም የሚያስታውስ አልነበረም። አየሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ምንም አልተሰማኝም። ድሬዳዋ በተመለስሁ በአራተኛው ቀን ግን መቆርቆሩ እንደ ድሮው ሆኖ ተነሣ። ዕጢዎቹ ዳግመኛ እስኪከፈቱ አንድ ወር ፈጀብኝ። አሁን ወደ ሐረር ስሄድ ፔርሙሱን ከቦርሳዬ አልለይም።