እርድ፣ ጉልበቴና የእማዬ ኪኒን

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች፤ እኔም ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። አምና ግን የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ቤት ስደርስ ቀኝ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ሐኪሙ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና ማስታገሻ አዘዘልኝ። ማስታገሻው ጨጓራዬን ሲያቃጥለኝ ፊቴን ወደ እርድ አዞርኩ።

የተፈጨ አልገዛም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ደረቁን ሥር እመርጣለሁ፤ ሻጮቹ ብዙውን ጊዜ የቴፒ ነው ይሉኛል። አንዱን ሰብሬ ውስጡን አያለሁ። ከውስጡ ይልቅ ላዩ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ከሆነ እተወዋለሁ። ባንግላዲሽ ውስጥ ሥሩ ሲወለወል እንዲደምቅ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ቀለም ይቀቡት እንደነበር ተደርሶበታል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። የመረጥኩትን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ በትኩስ ወተት፣ በጾም ደግሞ ዘይት ባለው አልጫ፤ ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ቢጫ ንጥረ ነገር የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውኃ አይደለምና። ቁንዶ በርበሬም ጣል አደርግበታለሁ።

ወር ሙሉ እንዲህ ጠጥቼ ለውጥ አላየሁም። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ምክንያቱ ገባኝ። ከ100 ግራም የእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚኑ 3 ግራም ገደማ ነው። የእኔ ማንኪያ 3 ግራም ቢይዝ ያገኘሁት 90 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ለጉልበት ሕመም በተደረጉ ጥናቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቀን 1,000 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ በእኔ ማንኪያ 11 መሆኑ ነው! እነዚያም ጥናቶች ሕመሙ መጠነኛ ቅናሽ እንዳሳየ ቢናገሩም፣ ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ ለጥቂት ሳምንታት የተደረጉ ናቸው።

ከውጭ የመጣ ዘመዴ እንክብል ይዞልኝ መጣ፤ በአንዱ 500 ሚሊግራም ኩርኩሚን፣ ከቁንዶ በርበሬ ከሚወጣው ፓይፐሪን ጋር። በቀን ሁለት ወሰድኩ። እንቅስቃሴዬንም ሳላቋርጥ ሠራሁ። በሁለተኛው ወር ደረጃ ስወጣ መደገፊያውን መያዝ ተውኩ።

እማዬ ይህን አየች። «ልጄ፣ እኔም መስገድ አቅቶኛል፤ እስቲ ከዚያ ቢጫ ነገር ስጪኝ» አለችኝ። እማዬ የልብ ምቷ ስለሚዛባ፣ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ይህን እያወቅሁ ሰጠኋት። እርድ ስለሆነ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በአልጫዋ የበላሁት ስለሆነ፣ ይጎዳታል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

በአሥረኛው ቀን መፋቂያዋ ላይ ደም አየሁ። ክንዷም ሳትመታ በልዟል። ሆስፒታል ስንደርስ ደሟ ከሚፈለገው በላይ ቀጥኖ ተገኘ። ሐኪሟ «እናቴ፣ ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትላት «ኧረ ምንም፣ እርድ ብቻ» አለቻት። ያን መልስ ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ፤ እንክብሉን ያቀበልኳት እኔ ነኝና።

ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችን። ኩርኩሚን ራሱ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላል። ፓይፐሪን ደግሞ ጉበት መድኃኒቶችን የሚሰባብርበትን መንገድ ያቀዘቅዛል። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት 20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ሰውነት የሚያገኘውን ኩርኩሚን በ2,000 በመቶ እንዳሳደገ አሳይቷል። ለእኔ ጉልበት የረዳው ይኸው ኃይል ለእማዬ ኪኒን አደጋ ነበር። የሐሞት ጠጠር ያለበትም እንክብሉን እንዳይጀምር ነገረችን፤ ኩርኩሚን የሐሞት ከረጢትን ያኮማትራልና።

እንክብሉን አቆመች፤ ደሟም በተከታታይ ምርመራ ተስተካከለ። አልጫዋን አልከለከሏትም፤ መጠኑን ሳትቀያይር እንድትበላ ብቻ ነው የተነገራት። እኔም የምወስደውን ሁሉ አሁን ለሐኪሜ እናገራለሁ። የእማዬን የቀጠሮ ደብተር ከፍቼም ከዋርፋሪኑ ሥር ጻፍኩበት፦ እርድ፣ በወጥ ብቻ።