500 ወይስ 1 ቴራባይት? ሐዋሳ ላይ የተሠራ ሒሳብ

ለጌም ኮምፒውተር ስንት ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ጌሙና ፋይሉ የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) ይበቃል ተብለው ሲጠየቁ፣ ውጭ አገር ሆነው የሚመክሩ ሰዎች አንድ ነገር አቅልለው ያልፋሉ። ቦታው ሲሞላ አንዱን ጌም አጥፍቶ ሌላውን ማውረድ ነው ይላሉ። የእኔ ቤት መስመር በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው፤ በባይት ሲሰላ 1.25 ሜጋባይት ይሆናል። 150 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በዚህ ፍጥነት 120,000 ሰከንድ፣ ማለትም 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ሳይሄድ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ፣ ከቤተሰቡም ማንም ቪዲዮ ሳይከፍት ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እንዲህ ያለውን ቁጥር አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። እኛ ዘንድ የኤስኤስዲ መጠን መመረጥ ያለበት ያጠፉትን ጌም መልሶ ለማምጣት በሚፈጀው ጊዜ ነው ባይ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ዲላ ነው የሚኖረው። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ ካስገባበት በኋላ ደወለና «ጋሼ፣ ባለ 500 ጊጋው ይበቃኛል አይደል?» አለኝ። መልሱን ከመናገሬ በፊት የሚጫወታቸውን ጌሞች በሙሉ ጽፎ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 እና ባልደርስ ጌት 3 እያንዳንዳቸው 150 ጊጋባይት ይጠይቃሉ። እግር ኳሱ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24፦ 100፣ ካውንተር ስትራይክ 2፦ 85፣ ሳይበርፓንክ 2077፦ 70፣ ዶታ 2 ደግሞ፦ 60። ድምሩ 615 ጊጋባይት። እግር ኳሱን ከዝርዝሩ ያወጣዋል ብዬ ተስፋ አላደረግኩም፤ ሰፈሩ ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ሲባረር ያደገ ልጅ ነው።

እንግዲህ ከ500ው እንቀንስ። ካርቶኑ ላይ 500 ጊጋባይት የተባለው ዊንዶውስ ውስጥ 465 ሆኖ ይታያል። ማንም አልሰረቀም፤ አምራቹ በሺህ እየከፈለ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 እየከፈለ። ለዊንዶውስ፣ ለማሻሻያዎቹና ለተለመዱት ፕሮግራሞች 60 ያህል እይዛለሁ። ከዚያም ከአሥር አንዱን ወይም ትንሽ ከፍ አድርጌ ባዶ እተዋለሁ፣ ምክንያቱም ኤስኤስዲ አፉ ድረስ ሲሞላ መጻፍ ይከብደዋል። ስቲምም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ቢሆን አንዳንድ ጌም ሲያሻሽል አዲሱን ፋይል ከአሮጌው ጎን ሠርቶ ስለሚተካ፣ የሚወርደው ትንሽ ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው ባዶ ቦታ ብዙ ሊሆን ይችላል። እጅ ላይ የሚቀረው 350 ገደማ ነው። ሁለቱን ትልልቅ ጌሞች ብቻ ቢጭን 300 ሄደ፤ ዶታን ሲጨምር አለቀ። ባለ 1 ቴራባይቱ 931 ሆኖ ይታያል፤ በዚያው ስሌት 750 ያህል ይተርፋል። 615ቱ ገብተው ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ጌም የሚሆን ቦታ አለ።

ፒያሳ አካባቢ ከጠየቅኩባቸው ሱቆች በአንዱ ሻጩ ሁለት አስቀመጠልኝ፤ አንደኛው በሰከንድ እስከ 7,000 ሜጋባይት የሚያነብ ባለ 500፣ ሌላኛው 3,500 የሚያነብ ባለ 1 ቴራባይት፣ ዋጋቸው ብዙም የማይራራቅ። «ወንድሜ፣ ለጌም ፈጣኑ ነው» አለኝ። ፈጣንነቱን አልካድኩም። ነገር ግን ኤስኤስዲው ከልጁ ማዘርቦርድ ጋር የሚገናኝበት መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3፣ ማለትም ሦስተኛው ትውልድ ነው፤ ፈጣኑ የአራተኛው ትውልድ ነውና ቢገባበትም በሦስተኛው ፍጥነት ነው የሚሠራው። ደግሞስ አብዛኛው ጌም ሲከፈት፣ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ በሚያነበው ሳታ (በቆየው ማገናኛ የሚሠራ) ኤስኤስዲና በኤንቪኤምኢው (በፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚሠራው ዓይነት) መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሰከንድ ነው። ትልቁ ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ የሚደረገው ነው። ሰከንድ ለመቆጠብ ብሎ 33 ሰዓት መክፈል በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይመዛዘንም።

በዚያ ላይ በአንድ ሞዴል ውስጥ ትልቁ ብዙ ጊዜ ፈጣኑም እርሱ ነው። ሳምሰንግ 970 ኢቮ ፕላስን ብንወስድ፣ ባለ 250 ጊጋባይቱ በሰከንድ እስከ 2,300 ሜጋባይት ሲጽፍ ባለ 1 ቴራባይቱ 3,300 ይደርሳል፤ ብዙ ቺፖች በአንድ ላይ ስለሚሠሩ ነው። ዋስትናው የሚሸፍነውም ዲስኩ ላይ የሚጻፈው የዳታ መጠን ከ150 ወደ 600 ቴራባይት ያድጋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ጌሙን ቀድሞ ያወረደ ጓደኛ ካለ ዲስኩን ይዞ መሄድ ነው። ደህና ኤክስተርናል በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 120 ሜጋባይት ያህል ያነባል፤ 150 ጊጋባይቱ በ21 ደቂቃ ይገለበጣል። ጌሙ በራስ አካውንት የተገዛ ከሆነ፣ የተገለበጠውን ፎልደር ስቲምአፕስ ውስጥ ባለው ኮመን በተባለው ፎልደር ማስቀመጥና ስቲምን «ጫን» ማለት ነው። ያለውን ፋይል ራሱ ያገኘዋል፣ ይመረምራል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። አቶቴ የሚኖር አንድ ባልደረባዬ ጋ እሑድ ከሰዓት ሄጄ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሁለት ጌም ገልብጬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ አሮጌው ሃርድ ዲስክ አይጣልም። ለጊዜው የማይጫወቱት ጌም እርሱ ላይ ይቆያል፣ ሲፈለግ ስቲም ራሱ ከዲስክ ወደ ዲስክ ያዛውረዋል። እዚያው ላይ ሆኖ ልጫወት የሚል ግን ይጠንቀቅ፤ ባልደርስ ጌት 3 ኤስኤስዲ ግዴታ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል።

ከመግዛቱ በፊት የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ ማየት ይገባል። ኤም.2 ማስገቢያ (ዱላ የሚመስለው ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ያለው ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይቀበልም፤ ሳታ ብቻ የሚቀበል አለ፤ የማዘርቦርዱን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ዱላው ላይ 2280 የሚል ቁጥር አለ፤ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ጫፉን የምትይዘው ብሎን ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለችም። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ጠይቁ፤ ቤት ከገቡ በኋላ ለአንዲት ብሎን ባጃጅ መሳፈር ያናድዳል።

ከተለመደው ዋጋ እጅግ የወረደ ባለ 2 ወይም ባለ 16 ቴራባይት ኤክስተርናል ያያችሁ እንደሆነ እለፉት። በውስጡ ትንሽ ሚሞሪ አስገብተው ቁጥሩን ብቻ የሚያስዋሹ አሉ። እስኪሞላ የሚገለበጥ ይመስላል፣ ፋይሉን ሲከፍቱት ባዶ ነው። ያገለገለ ኤስኤስዲ ለመግዛት ደግሞ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሻጩ ፊት ከፍቶ የቀረውን ዕድሜ በመቶኛና የሠራበትን ሰዓት ማየት ነው። ለማሳየት የሚያንገራግር ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ልጁ ባለ 1 ቴራባይቱን፣ ዘገምተኛ የተባለውን፣ ገዛ። 2 ቴራባይት እንዲገዛ ያልመከርኩት የሠርግ ቪዲዮ ስለማይቆርጥ ነው፤ ያን ሥራ የሚሠራ ሰው ሌላ ስሌት አለው። በሳምንቱ እናቱ ደወለች። «አንተ፣ ይህን ያህል ቦታ ካለው የልጆቹን ፎቶ ሁሉ እዚያው ላድርገው?» አለችኝ። አድርጊው፣ ግን አንድ ቅጂ ኤክስተርናሉ ላይም ይቀመጥ አልኳት። ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ያንኳኳል፤ ኤስኤስዲ ምንም ሳይናገር ሊሞት ይችላል። ጌም ከጓደኛ ይገለበጣል፤ የልጆቹ ፎቶ ግን ያለው እርሷ ጋ ብቻ ነው።