በሻይ ፓኬት የጀመረ የጦር ታሪክ

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ የአንድ መጽሐፍ የገጽ ብዛት ነው። የእንግሊዙ ኦስፕሬይ የሚያሳትማቸው ‹‹ሜን አት አርምስ›› የተባሉ ቀጫጭን የጦር ታሪክ መጻሕፍት አሉ። ስለ ሮማ ጦርም ይሁን ስለ ሞንጎል ፈረሰኛ፣ ብዙዎቹ 48 ገጽ ናቸው፤ ስምንቱ ገጽ ባለቀለም ሥዕል ነው። ሌላ አንባቢ ይህ ላያስጨንቀው ይችላል። እኔ እንጀራዬ ማተሚያ ቤት ስለሆነ ቁጥሩን ሳየው ገባኝ፤ 48 ማለት ሦስት ጊዜ 16 ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። በቀደሙት እትሞች ባለቀለሙ ክፍል ለብቻው ታትሞ መሐል ላይ ይገባል፤ የቀረው በጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ቀለም እሳት በነበረበት ዘመን ይህ ብልህነት ነው። የየትኛውም ነገሥታት ጦር ታዲያ እዚያው ልክ ውስጥ ተጣጥፎ መግባት አለበት።

አጀማመራቸው ደግሞ ከሻይ ጋር የተያያዘ ነው። ብሩክ ቦንድ የተባለው የእንግሊዝ ሻይ ኩባንያ በየፓኬቱ ውስጥ ትንንሽ የሥዕል ካርዶች ይከት ነበር፤ ወፍ፣ አበባ፣ አውሮፕላን። ልጆች ካርዱን እየሰበሰቡ አልበም ላይ ይለጥፋሉ፣ ለልጆቹ ሲባል ሻይ ይገዛል። የጦር አውሮፕላን ካርዶቹ በጣም ስለተወደዱ ሠዓሊው ዲክ ዋርድ ‹‹ይህንን ለምን መጽሐፍ አናደርገውም?›› የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኩባንያው ተስማማና እ.ኤ.አ. በ1968 ኦስፕሬይ የሚባል ትንሽ ቅርንጫፍ ተቋቋመ። በዓመቱ የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጣ፤ ስለ አሜሪካው ፒ 51 ዲ ሙስታንግ አውሮፕላን ነበር። ከአውሮፕላን ወደ ወታደር የተሻገሩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው።

ሥዕሉ ጽሑፉን ለማስዋብ የመጣ አይደለም ማለት ነው፤ ቀድሞ የነበረው ሥዕሉ ነው። ገዢዎቹም ይህንኑ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ የወታደር ቅርጾችን ቀለም የሚቀቡ፣ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። የእጅጌው ጫፍ ቀይ ነው ወይስ ቡናማ? ጫማው ገመድ አለው? ይህ ካልተነገራቸው ገንዘባቸው ባከነ። መጀመሪያ ሳነብ በአዝራር መጨነቃቸው ያስቀኝ ነበር። አሁን አከብራቸዋለሁ፤ አንድ ወታደር ምን እንደለበሰ ለማወቅ የሚደክም ሰው ቢያንስ ወታደሩ እንደበረደው ያስባል።

ድርጅቱ ባለቤት ሲቀያይር ኖሯል። ካርታ አሳታሚው ጆርጅ ፊሊፕ ዘንድ ነበር፣ ከዚያ የሪድ ሆነ፣ በ1998 ሥራ አስኪያጆቹ ራሳቸው ገዝተው ኦክስፎርድ ወሰዱት፣ በ2014 መጨረሻ ደግሞ የሃሪ ፖተር አሳታሚ ብሉምስበሪ ጠቀለለው። የሥራ አስኪያጆቹ ግዢ ብቻ ነው ያስቀናኝ። ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ይልቅ ስሙ ሊነሳ የሚገባው አንገስ ማክብራይድ ነው። እስኮትላንዳዊ ዘር ያለው የለንደን ልጅ፣ ከ1976 ጀምሮ ኬፕ ታውን ተቀምጦ ለኦስፕሬይ የሣለ ሰው፤ በ2007 አረፈ። የእሱ ሰዎች ለፎቶ የቆሙ አይመስሉም፤ ይደክማቸዋል፣ ይስቃሉ፣ ጭቃ ይነካቸዋል። ስለ ዙሉ ጦርነት የወጣውንማ ሥዕሉንም ጽሑፉንም ራሱ ነው የሠራው።

ወደኛ ልምጣ። በዚሁ ተከታታይ ውስጥ ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ሁለት መጻሕፍት አውቃለሁ። ዴቪድ ኒኮል ከ1935 እስከ 1936 ስለነበረው የጣሊያን ወረራ የጻፈው በ1997፣ ሾን ማክላክላን ስለ አድዋ ዘመቻ ጦሮች የጻፈው ደግሞ በ2011 ወጣ። የሁለቱም ሠዓሊ ራፋኤሌ ሩጄሪ ነው፤ ጣሊያናዊ። ስሙን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ክፋት የለኝም። የአያቶቻችንን ለምድ አጥንቶ ለመሣል የተቀመጠ ጣሊያናዊ ማሰብ ግን ደስ ይላል።

የአድዋ ጦር ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ፈተና ነው። በጣሊያን በኩል ነገሩ ቀላል ነው፤ ከጣሊያን ጎን ለተሰለፉት ኤርትራውያን ወታደሮች፣ ለአስካሪሶቹ፣ ቀይ ታርቡሽ፣ ሻለቃን ከሻለቃ የሚለይ ባለቀለም መቀነት። በእኛ በኩል የደንብ ልብስ የለም። ሁሉም ከቤቱ በለበሰው ነጠላ፣ ባገኘው ውጅግራ፣ ሰናድር ወይም ረሚንግተን ጠመንጃ ነው የዘመተው። ጎፈርና ለምድ የሚያሳዩት ማዕረግንና ጀግንነትን እንጂ ክፍለ ጦርን አይደለም። ይህን በስምንት ገጽ ሥዕል ለማሳየት መመረጥ ያለበት ብዙ ነው።

እኛም አድዋን ሥለናል፣ ያውም ደጋግመን። በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ባደጉት ሠዓሊዎች ሸራ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ነው፤ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው። የእኛ ሰው ሙሉ ፊቱን ሁለት ዓይኑን ያሳያል፤ ጠላት በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። እዚያ ውስጥ ገበየሁን፣ ባልቻን፣ አሉላን ፈልገህ ታገኛለህ። ስም አለ። ጫማ የሌለው እግር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ስንቁን ማን እንደተሸከመው አይታወቅም። የኦስፕሬይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰንደል ጫማው በትክክል ተሥሏል፣ ሰውየው ግን ብዙ ጊዜ ስም የለውም፤ ‹‹እግረኛ›› ነው፣ ‹‹መድፈኛ›› ነው። የትኛው ይበልጣል ቢሉኝ የኛውን ሸራ እላለሁ፤ ያደግሁበት ነውና ዳኝነቴ አይታመንም።

ለማንኛውም እርሳስ ይዤ የራሳችንን 48 ገጽ መከፋፈል ጀምሬአለሁ። እነሱ ሥዕሎቹን ከኤ እስከ ኤች በፊደል ይለያሉ፤ በእኛ ስምንቱ ከሀ እስከ ሸ መሆናቸው ነው። ሀ ላይ መሐል ሰፋሪ (የንጉሡ የራሱ ጦር)፣ ለ ላይ የባልቻ መድፈኞች፣ ሐ ላይ በእንስራ ውኃ ያመላለሱት ሴቶች፤ ከሣልናቸው እንስራውን እንዴት እንዳዘሉት፣ በምን እንዳሰሩት እስከ ቋጠሮው። መ ላይ የበቅሎ ጫኝ አስቀምጬ ነበር። ሥራ ቦታ ገጽ የሚያቀናብረው ጓደኛዬ አይቶ ‹‹የኦሮሞ ፈረሰኛ ሳይኖር የምን አድዋ ነው? መ የእሱ ነው፣ ጫኙን ወደ ሸ ግፋው›› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ችግሩ ሸ ላይ ነጋሪት መቺው ተቀምጧል፣ እሱን ደግሞ አልነሳም ብያለሁ።